እህቴና አረንጓዴው ካርድ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዘመዶቼ በተሰበሰቡ ቁጥር ወሬው ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥርም የምወቀሰው እኔ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል አቀርቅሬ እሰማቸዋለሁ። በወረቀት ግን አላፍርም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት።

የምኖረው ጂንካ ነው። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት እሠራለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አስተናጋጅ ሁኚ ብለውኝ እምቢ ያልኩት ደመወዙ አንሶኝ ሳይሆን ሰው ፊት ሳህን ይዞ መቆም ስለሚያስፈራኝ ነው። ታላቅ እህቴ ታደለች ከከተማው በላይ ባለው ደጋ፣ ባደግንበት የአሪ መንደር አግብታ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረሪማ ይዛ ወደ ገበያ ትወርዳለች።

የዚያን ቅዳሜ የተሳፈረችበት ሞተር ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። የሞተሩ መሪ ግራ ጎኗን መታት። ተነስታ ልብሷን አራገፈች፣ የተበተነውን ኮረሪማ ለቀመች፣ ከዚያ ገበያ ገብታ ስትሸጥ አረፈደች። ስድስት ሰዓት ገደማ እኔ ስደርስ የሆነውን እንደ ቀልድ እየሳቀች ነገረችኝ። ባዶውን ጆንያ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ግን ጎኗን ይዛ ቀረች። ገልጬ ባየው ጠቁሯል። እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ድንገተኛ ክፍል መግቢያው ላይ ትሪያጅ የሚሉት ጠረጴዛ አለ። እዚያ አንዲት ሲስተር ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ ታያለች። ግፊት ትለካለች፣ ትጠይቃለች፣ ከዚያ እንደ ሕመሙ ክብደት ካርድ ትሰጣለች። ቀይ የያዘ ወዲያው ይገባል። ቢጫ የያዘ ትንሽ ይጠብቃል። አረንጓዴ የያዘ ሌላው ሁሉ እስኪገባ ይጠብቃል።

ታደለች አማርኛ ትሰማለች እንጂ ደፍራ አትናገርም። የምናገርላት እኔ ነበርኩ። ሲስተሯ ግፊቷንና የልብ ምቷን ለካች። «ደህና ነው» አለች። ቀጥላ፣ «ከአንድ እስከ አስር ቢቆጠር ሕመሟ ስንት ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ታደለች በአሪኛ፣ «ሁለት በያት» አለችኝ።

እኔም «ሁለት» አልኩ።

ጥፋቱ የእኔ የሆነው እዚህ ላይ ነው። በእኛ መንደር ያደገች ሴት ሰው ፊት አመመኝ አትልም። ምጥ ላይ ሆና ድምፅ ያሰማች ሴት እንኳ ዓመት ሙሉ ይወራባታል። እናታችን እግሯን መጥረቢያ አግኝቷት «ቧጨረኝ» ብላ ሦስት ቀን እንሰት ስትፍቅ ከርማለች። የታደለች ሁለት የሌላ ሰው ዘጠኝ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ሲስተሯ አታውቅም። መንገር ነበረብኝ። ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ ሲስተሯ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቀኛለች፣ እኔም አፈርኩ። ስለ አደጋው እንኳ «ወድቃ ነው» ብቻ ነው ያልኩት። አረንጓዴ ካርድ ተሰጠን።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ከጎናችን አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጣቷን በር ቀርቅሮባት በጨርቅ ጠቅልላ ይዛዋለች። «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ጣቴ!» ትላለች። እሷም የያዘችው አረንጓዴ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ታደለች ውሃ ጠማኝ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ግራ ትከሻዬን ወጋኝ አለች። ትከሻዋን የመታት ነገር አልነበረም፤ ግራ ገባኝ። እጇን ስይዘው በረዶ ሆኗል። ግንባሯ ላብ በላብ ነው። ከንፈሯ ነጥቷል።

«ታዱዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አሞሻል አይደል?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አለችኝ።

ይህን ስትል ነው ከመቀመጫዬ የተነሳሁት። እየሞተች ነው የምታፍረው። አብሬያት እያፈርኩ ልቀብራት ነው እንዴ?

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። «እህቴ ብሶባታል» አልኳቸው። ድምፄ ስለማይወጣ አልሰሙኝም። ደገምኩላቸው።

«ሁሉም ብሶበታል፣ ልጄ። ካርድሽን እስቲ? አረንጓዴ ነው። ሂጂ ቁጭ በይ።»

ሴትዮዋ ከኋላዬ፣ «እኛስ ለሽርሽር ነው እንዴ የመጣነው? ተራ የሚባል ነገር አታውቅም እንዴ ይቺ!» አለች። ሰው ሳቀ።

ሌላ ቀን ቢሆን ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ እመለስ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓይኔ ከጥበቃው ራስ በላይ የተለጠፈ ወረቀት ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ከራስዎ በላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብበውታል?»

«ምን ይላል ደግሞ?» አሉኝ፣ ዞር ሳይሉ።

«ሕክምና የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ሳይሆን ለታመመ ነው። እየጠበቁ ሳለ የባሰብዎት እንደሆነ ወዲያውኑ ለባለሙያ ይንገሩ» ብዬ አነበብኩላቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለተኛ አነበብኩት፤ በዚህኛው ኮሪደሩ በሙሉ ሰማኝ። ስድስተኛ ክፍል ብቀርም ማንበብ ማንም አልከለከለኝም።

«የባሰባት እህቴ ናት! ወዲያውኑ ማለት አሁን ነው! ሲስተር! ሲስተር!»

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ጥበቃው ክንዴን ያዙኝ። ገፍትሬ አስለቀቅኋቸው።

ሲስተሯ ተቆጥታ ወጣች። «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? ሌላ በሽተኛ የለም?»

«ሲስተር፣ ቅድም ሁለት ያልኩዎት ልክ አይደለም። እሷ ሰው ፊት አመመኝ ማለት ታፍራለች። እኔም አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። የሞተር መሪ ጎኗን መቷታል። አሁን ትከሻዋን አሟታል፣ በላብ ተጠምቃለች። ደግመው ይለኩልኝ! ካልለኩልኝ ከዚህ አልሄድም!»

«መሪ መቷት ነው? የቱን ጎኗን?»

«ግራውን» ብዬ ሳልጨርስ ሲስተሯ አግዳሚው ጋ ደርሳለች። ግፊቷን እዚያው ለካች። የሲስተሯ ፊት ተለዋወጠ። አረንጓዴውን ካርድ ከታደለች እጅ ወስዳ ኪሷ ከተተችውና ወደ ውስጥ ተጣራች። ስትሬቸሩን እየገፉ ያስገቡት እኚያው ጥበቃ ናቸው።

ጣቷን የታመመችው ሴትዮ ቆማ ታየኛለች። ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ እስካሁን ምን ትሠሪ ነበር? ቀደም ብለሽ አትጮሂም ነበር?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ኮዳዋን አውጥታ ውሃ ሰጠችኝ።

የታደለች ጣፊያ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይደማ ነበር፤ ትከሻዋን የወጋትም እሱ ነው። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሐኪሙ፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እዚያው ወንበር ላይ እናጣት ነበር» አለኝ። ሲስተሯን በማግስቱ አገኘኋት። «እኔ የማየው መሣሪያው የሚለኝንና ሰው የሚነግረኝን ነው። ያልነገርሽኝን ከየት ላምጣው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አመስግኛት ሄድኩ።

የዘመዶቼ ወቀሳ እንግዲህ ይህ ነው። የታደለች አማት፣ «ላቧን ሳይቀር በአደባባይ እየዘረዘረች አዋረደቻት» ይላሉ። አጎቴ ደግሞ ጥበቃ መገፍተሬን ይጨምርበታል። ታደለች ራሷ ከሆስፒታል ወጥታ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። «ያን ያህል አልነበረም እኮ» ትላለች እስከ ዛሬ፣ ሆዷ ላይ ያ ሁሉ ስፌት እያለ። እኔ ኩርፊያዋን ወድጄው ነበር። የሚያኮርፈው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

አሁንም ዓይነ አፋር ነኝ። አሁንም ከወጥ ቤት አልወጣም። ከመንደራችን ሰው ታሞ ሲወርድ ግን ሆስፒታል ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ «እዚህ ትንሽ ነው አይባልም። እናንተ ትንሽ ነው ካላችሁ እኔ አስተካክዬ እናገራለሁ» እላቸዋለሁ። የሚቆጡኝ አሉ። ይቆጡ።

እህቴን አዋርጄያት ከሆነ አዋርጃታለሁ። አልጸጸትም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። የምጸጸተው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝም ብዬ በተቀመጥኩባት በዚያች አንድ ሰዓት።