የኢንጂነር ጽጌ ቦቲዎች

ኢንጂነር ጽጌ ባለፈው እሑድ ማለዳ፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ባለው ቤታቸው ማረፋቸውን ስትሰሙ «ኧረ ዓርብ እኮ ደውለውልኝ ነበር!» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ለእኔም ከሕመም አልጋቸው ሆነው ደውለው፣ «የፍሳሽ ማጣሪያው ነገር ከምን ደረሰ?» ብለውኛል። ከዚያን ዕለት ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ።

እሳቸው ጎሮ አካባቢ ባለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካችን የዘላቂነት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ እኔ ረዳታቸው ነኝ። ኩባንያው በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ባሕር ማዶ ነው። ከዚያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሌላው ሰው ስላይድ ያዘጋጃል። እሳቸው ግን ከቢሯቸው በር ኋላ በየቁጥሩ የደረደሯቸውን ቦቲ ጫማዎች ያወጣሉ። ስንቱ አለቃ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አውልቆ፣ የቀለም ውሃችን ወደ ወንዙ ከሚፈስበት ቱቦ ሥር ቆሟል! «ስላይድ አይሸትም፤ መጀመሪያ እዚህ አሽትቱ» ይሏቸው ነበር በፈገግታ። አንዱ አፍንጫውን ቢይዝ፣ «አይዞህ፣ ታች ያሉት ሰዎች በየቀኑ ነው የሚያሸቱት» አሉት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የማጣሪያው ግንባታ የተፈቀደው ያን ጊዜ ነው።

ማጣሪያው እስኪያልቅም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከወንዙ ታች ለሚኖሩት ቤተሰቦች የፋብሪካውን የውሃ መኪና ይልኩላቸው ነበር። ማን ፈቀደ ሲባሉ፣ «እኔ ነኝ ያዘዝኩት፤ ቁጣው በእኔ ላይ ይውረድ» ይሉ ነበር።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከእነዚያ ቤተሰቦች አንዱ፣ ኦቦ ገመቹ፣ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ማጣሪያው ይሠራል ወይስ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ?» አሉኝ። ግንባታው ተጀምሮ ቆሟል። ይቀጥል ወይስ ይቅር ብለው የሚወስኑት እንግዶች ነገ ይመጣሉ። «ጊዜ ስለሌለን እዚያው አዳራሽ እንጨርሰው» የሚል መልእክትም ልከዋል።

እትዬ ጽጌ፣ ፈርቻለሁ። እንደ እርስዎ እየሳቁ ማዘዝ አልችልበትም። ግን ዛሬ ቢሮዎን ከፍቼ ቦቲዎቹን አጠብኳቸው፤ አዳራሹ በር ላይም ደረደርኳቸው። የእርስዎን ጥንድ የማጠልቀው እኔ ነኝ። ይጠበኛል፣ ምን ይደረግ! እርስዎ አሁን ይረፉ፤ ቱቦው ጋ እኔ እቆማለሁ።