ከጠርዙ የጎደለችው ቀለበት

ልጅ ሳለሁ መቀመጥ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ስሜ ትዕግሥት መባሉ የሠፈሩ መሳቂያ ነበር፤ እናቴም «ስምን መልአክ ያወጣዋል ያለ ሰው አንቺን አላየም» ትለኝ ነበር። ጭሮ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ባለው ሠፈራችን ትንሽ ሱቅ ነበራት። እዚያ ገብቼ ዕቃ ስነካካና ስተረማመስ ሲሰለቻት፣ ከትምህርት ቤት መልስ አጥር ወደምንጋራቸው ወደ አዴ ሞሚና ትልከኝ ጀመር። አዴ የምንላቸው እንደ እናት ነው፤ ዳንቴል በመሥራት የታወቁ ሴት ነበሩ። ተረት በመንገርም የሚያህላቸው አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥመው ኪሮሹን አስያዙኝ። እኔ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጭብጥ ሳደርገው ሳቁብኝ።

«ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ክሩን አታንቂው። የትም አይሄድብሽም።»

ያኔ መብራት አመሻሽ ላይ መጥፋት ይወድ ነበር። አዴ ኩራዙን ያበሩና ምድጃው ላይ የደረቀ የጫት እንጨት ይጨምራሉ፤ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ፍሙ ጉልበቴን እያሞቀኝ፣ እግሬ ግን አሁንም ውጭ ውጭ እያለኝ እቀመጣለሁ። ያስቀመጠኝ ተረቱ ነው። አዴ ደግሞ ተረት በነፃ አይሰጡም፤ እጅ ሲቆም አፋቸውም ይቆማል።

«ዱሪ ዱሪ፣ ድሮ ድሮ» ብለው የጀመሩልኝ ተረት ከቦኬ ገበያ ቅቤ ተሸክማ ስለምትመለስ ልጅ ነበር። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በየመታጠፊያው ያው አንድ ጅብ ቀድሟት ተቀምጦ ጥያቄ ይጠይቃታል፣ ካልመለሰች አያሳልፋትም። እኔ አንድ መስመር ሠርቼ ሥራውን ሳዞር ልጅቷም አንድ መታጠፊያ ታልፋለች። መስመሩ ሳያልቅ ጅቡ ጥያቄ አይጠይቅም። ብለምንም፣ ባኮርፍም አይጠይቅም።

በዚያ ሰሞን የመጨረሻ ልጃቸው ነሲሃ ወደ ሂርና ከተማ ልትዳር ነበር። አዴ ለእሷ የአልጋ ልብስ ሠርተው መሐሉን ጨርሰዋል፤ ነገር ግን ዓይናቸው ውስጥ ሞራ መግባት ስለጀመረ ዙሪያውን የሚሰፋውን ጠርዝ ለእኔ ሰጡኝ። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ አደራ ነው። ስፋቱ አንድ መዳፍ፣ ርዝመቱ አልጋውን የሚዞር። ከሁሉ በላይ አጥብቀው የነገሩኝ አንድ ነገር ነበር። የመስመሩ የመጨረሻ የክር ቀለበት አንገቷን ደፍታ ትደበቃለች፤ ፈልጊያት፣ ሳታገኚያት አትዙሪ አሉኝ።

መጀመሪያ ላይ ፈለግኋት። ተረቱ እየጋለ ሲሄድ ግን፣ ጅቡ ከቅቤው አልፎ ስለ ልጅቷ ታናሽ ወንድም መጠየቅ ሲጀምር፣ ያችን አንዲት ቀለበት በኩራዝ ብርሃን መፈለግ አንገበገበኝ። አንድ ቀን ዘለልኳት። ምንም አልሆነም። በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም ዘለልኳት። አዴ የሠራሁትን እየጠቀለሉ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡ ስለነበር ማንም አላየውም፤ እኔም ወደ ኋላ የማየት ልማድ አልነበረኝም።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት የጎረቤት ሴቶች ጠርዙን ለመስፋት ተሰበሰቡ። ጥቅሉ ተፈታ። ሲጀምር አንድ መዳፍ የነበረው ጨርቅ፣ በዘለልኳት ቀለበት ልክ እየጠበበ፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ጣት ሆኗል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅምበት ቀን እንኳን አልነበረኝም። አዴ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ዳበሱት። አሁን ስሜን ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ «ዓይኔ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ነሲሃ አቀፈቻቸው። «አዮ፣ እማ፣ በቃሽ። ዓይንሽ እምቢ ብሏል፤ ሁለተኛ ኪሮሽ እንዳትነኪ» አለቻቸው። ሴቶቹም እውነት ነው፣ ይረፉ አሉ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ በር ሥር ቆሜ አየሁ።

የአልጋ ልብሱ ያለ ጠርዝ ሂርና ሄደ። አዴም ኪሮሻቸውን ሰጡኝና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እጃቸው ሲቆም ተረቱም ቆመ። ልጅቷን መታጠፊያው ላይ፣ ጅቡ ፊት ትተናት ቀረን።

ዛሬ አዳማ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ የግቢያችን ሴቶች ከስልካቸው ቪዲዮ እያዩ የጀመሩትን ዳንቴል ይዘው ይመጣሉ፤ የሁሉም ችግር አንድ ነው፣ ሥራው እየጠበበ ይሄድባቸዋል። ሌላ ቀለም ክር ቆርጬ የመጨረሻዋ ቀለበት ላይ አስርላቸዋለሁ፤ ሲዘሏት ደግሞ ያለ ምሕረት አስተረትራቸዋለሁ። «ለአንዲት ቀለበት?» ይሉኛል። ለምን እንደምቆጣ ነግሬያቸው አላውቅም። ብቻዬን ስሠራ ግን መስመር ጨርሼ ካዞርኩ በኋላ ልቤ አያርፍም፤ እንደገና እመለስና እቆጥራለሁ።

ባለፈው ክረምት ጭሮ ሄድኩ። አዴ አሁን የሚያዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ገና ሻይ ሳልቀምስ አፈረጥኩት።

«አዴ፣ ያኔ የጎደለው በእርስዎ ዓይን አይደለም። እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ዓይን ሲደክም መሐሉንም ይስታል፣ ዳሩንም ይስታል። ያንቺ ዳር ዳሩን ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሴቶቹ ፊት ብናገር ሁለተኛ ኪሮሽ ትነኪ ነበር?»

አለቀስኩ። የእኔን እጅ ለማትረፍ የራሳቸውን እንዳሰሩ ለመረዳት ይህን ሁሉ ዓመት መፍጀቴ አሳፈረኝ። እሳቸው ግን ለለቅሶዬ ጊዜ አልሰጡም፤ ኪሮሹ የት አለ አሉኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁት። «ጀምሪ» አሉ።

አንድ መስመር ሠራሁ። ዳሩ ላይ ስደርስ የተደበቀችውን ቀለበት ፈልጌ ያዝኩና ጨርቁን ወደ እጃቸው አስጠጋሁ። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ መጣ፣ አገኛት፣ እዚያው ቆየ።

«ሞልቷል» አሉ። «ከዚያማ ጅቡ ጠየቃት…»

ዕድሜዬን ሙሉ ያንን መጨረሻ ለመስማት ስቸኩል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን መስመሩ ቶሎ እንዳያልቅ እጄን አዘገየሁ።