ያልቀላ ብረት

ትናንት ረፋድ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ዓይኔ እያየ ሊተላለቁ ነበር... እኔም መሐላቸው ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኬ።

ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሳሊተ ምሕረት ኪዳን አድርሼ ስወጣ ገመቹ የሚባል ጎረምሳ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሚስቴ አራስ ናት፣ ውሃ ተቆርጦብናል፣ ይድረሱልን!»

ቤቱ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀርባ ነው። ከአባታቸው የወረሱትን ግቢ ከታላቅ ወንድሙ ከቶሎሳ ጋር በቆርቆሮ ከፍለውታል። ቧንቧው በቶሎሳ በኩል አልፎ ነው ወደ ገመቹ የሚሄደው። ሳየው በቶሎሳ በኩል በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በመጥረቢያ ተቆርጧል።

«ወንድምህ ነው?»

«በኔ መሬት አያልፍም ብሎ ነው። አሁን የለም፣ ሳይመጣ እንጨርስ ጋሼ።»

አራስ ቤት ውሃ መቁረጥ... አማተብኩና በሩ ጋ ያለውን የውሃ መዝጊያ ዘግቼ የቧንቧ መበየጃዬን ሶኬት ላይ ሰካሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ይህን የፕላስቲክ ቧንቧ ሙጫ አይዘውም። የቧንቧውን ጫፍና መጋጠሚያውን የጋለ ብረት ላይ ትሰካቸዋለህ። ለስለስ ሲሉ ነቅለህ ቀጥ አድርገህ ታጋጥማቸዋለህ፤ እስኪጠነክሩ ሳትነቀንቅ መያዝ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ውሃ ሲመጣበት ይላቀቃል። ከበዛ ቀልጦ የራሱን ቀዳዳ ይደፍናል። ብረቱ ታዲያ የቱንም ያህል ቢግል እንደ ፍም አይቀላም። ላየው ሰው ቀዝቃዛ ነው የሚመስለው።

አንዱን ጫፍ አጋጥሜ እንደያዝኩ ጎኔን በእርግጫ ተመታሁ።

«ማን ግባ አለህ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ቶሎሳ ነው። ገመቹ ዘሎ አነቀው። ተያይዘው ወደቁ። ቶሎሳ ከላይ ሆነና ጭንቅላቱን ይዞ ከሲሚንቶው ጋር ያላትመው ጀመር። አንዴ... ሁለቴ... ደሙ ጆሮው ላይ ወረደ። ልገላግል ትከሻውን ብይዘው በክርኑ አፌን አለኝ። ጥርሴ ተነቃነቀ።

ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ «አንተ ስትጮህ አልፈራህም፣ ዝም ስትል ነው የምፈራህ» ትለኝ ነበር። ዝም አልኩ። የቧንቧ መፍቻዬን አነሳሁ። ጸሎት ላድርስ ብል አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝም።

ያኔ ቶሎሳ ወንድሙን የሚፈጠፍጥበት ነገር ፍለጋ እጁን ሰደደ። መበየጃዬን አገኘ። በእጀታው ሳይሆን በብረቱ በኩል ጨብጦ አነሳው።

እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ብረቱን ወርውሮ እጁን አፍጥጦ ያያል። «ቀዝቃዛ መስሎኝ... ቀዝቃዛ መስሎኝ...»

ገመቹ ደም በደም ሆኖ ተነሳ። አለቀ፣ አሁን ይገድለዋል አልኩ። እሱ ግን ወደ በሩ ሮጦ ውሃውን ከፈተው። በተቆረጠው ጫፍ በኩል ጉድጓዱ ውስጥ ተንፎለፎለ። እኔ መበየጃውን በግራ እጄ ከሶኬት ስነቅል፣ እሱ የወንድሙን ክንድ ጎትቶ መዳፉን ውሃው ላይ ደቀነው።

«ልቀቀኝ! አልታረቅኩህም!»

«አትታረቀኝ! እጅህን ግን እንዳታነሳ!»

«የጥርስ ሳሙና አምጣልኝ!»

«ምን ያደርግልሃል? ዝም ብለህ ውሃው ሥር ያዝ!»

«ያቃጥላል እኮ፣ አንተ ውሻ!»

«ያቃጥልህ!»

እንዲህ እየተሰዳደቡ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብዙ ተቀመጡ። የአንዱ ደም የሌላው ሸሚዝ ላይ ይንጠባጠባል። ከአጥሩ ማዶ ሕፃኑ አለቀሰ። ቶሎሳ ቀና ብሎ ወደ ቆርቆሮው አየና መልሶ አቀረቀረ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለ።

«ሴት።»

ከዚያ ቶሎሳ ወደ እኔ ሳይዞር «ይበይዱትና ይሂዱ» አለኝ።

«እርጥብ አይበየድም፣ መጀመሪያ ይደርቃል» አልኩት።

ገመቹ ዞሮ አየኝና ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ... እሱን ነገር ያስቀምጡት እንጂ። እባክዎን።»

እጄን አየሁት። መፍቻው ከጆሮዬ በላይ እንደተነሳ ነው። ጣቶቼን ለማላቀቅ ግራ እጄን መጠቀም ነበረብኝ።

ጠበኞቹ በዚያ ሰዓት ባዶ እጃቸውን ነበሩ። መሣሪያ የያዘ ቢኖር ኪዳን አድርሶ የመጣው ገላጋይ ብቻ ነው።