በልቼ የቆምኩበት የፓጎዳ ደጅ

ከደሴ የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን መሸፈን ሲጀምር ነው። እማዬ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሚኒባስ መስኮት ተጠግታ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች። ስለ ትምህርቴ አይደለም፤ ስለ ብርዱም አይደለም።

«የማታውቂው ቤተ ጸሎት ደጅ እንዳትቆሚ፤ ሌላው ሁሉ ይደርሳል፣ አብሽሪ» ትላለች።

«እሺ እማዬ፣ እሺ» እያልኩ አለቅሳለሁ።

ለእናቴ ለንደን ልጅ ተቀብላ ሌላ ሰው አድርጋ የምትመልስ ከተማ ናት። የጎረቤታችን ልጅ ሄዶ፣ ጾሙንም ሰንበቱንም ረስቶ፣ እናቱን በስልክ «ሃይ» ማለት ጀምሯል። እማዬ የፈራችው ይህንን ነው። እኔም ከፈተና ይልቅ የምፈራው እሷን ማሳዘን ነበር፤ አሁንም ነው።

ኬንቲሽ ታውን የተከራየሁት ክፍል የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ በደርግ ጊዜ የመጡ፣ እዚሁ ጌታን የተቀበሉ፣ አማርኛቸው ከመጡበት ዘመን ያልተነቃነቀ ሴት ናቸው። በገባሁ ሰሞን ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣

«እትዬ፣ ሂተሩን መቼ ነው የምንከፍተው?» አልኳቸው።

«ብርድ ሲሆን ነዋ።»

«አሁን ብርድ አይደለም?»

«ይሄ? ይሄማ ዌዘር ነው፤ ብርድ ሲመጣ እኔው እነግርሻለሁ።»

ትምህርቴ ፎቶግራፍ ነው፣ አንደኛ ዓመት። በሁለተኛው መንፈቅ ክፍላችን ኮሪያ ሄዶ፣ ተራራ ላይ ያሉ ጥንታዊ የቡድሂስት ፓጎዳዎችን ፎቶ እንደሚያነሳ ተነገረን። ደስታዬን ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው ሽንኩርት መክተፋቸውን አቆሙ።

«ኮሪያ? እኛ የምናውቀው ኮሪያ የሚሄደው ዘማች ነው። ፓጎዳ ከሆነ ደግሞ ባተርሲ ፓርክ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ቆሞልሽ የለም እንዴ? በአውቶቡስ ሄደሽ ለምሳ ትመለሻለሽ!»

«እሱ አዲስ ነው እትዬ፤ የምንፈልገው ጥንታዊውን ነው።»

«እኔም ጥንታዊ ነኝ፤ ማን ፎቶ አነሳኝ?»

ለቪዛ አፕላይ ሳደርግም እንዲሁ ነበር። የኤምባሲው መስኮት ኋላ የተቀመጠችው ሴት ፓስፖርቴን እያገላበጠች ለምን እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ፓጎዳ ፎቶ ላነሳ ነው» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«ሌላ ፓጎዳ።»

«እዚያው የመቅረት ሐሳብ አለሽ?»

«የት? ተራራው ላይ?»

መቀለዴ አልነበረም፤ በትክክል ልመልስላት ፈልጌ ነው። ሴትዮዋ ግን ቀና ብላ አየችኝና «እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለችኝ። ቪዛውን ሰጡኝ፤ እስካሁን ይገርመኛል።

ለእማዬ የነገርኳት አሳጥሬ ነው። «የድንጋይ ግንብ ነው፤ ደርብ በደርብ የተሠራ» አልኳት። «የማን ግንብ?» ስትለኝ «የጥንት ሰዎች» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው ይህ አልነበረም።

ኮሪያ፣ ፓጎዳው ያለበት ተራራ ሥር አንድ የገዳም እንግዳ ማረፊያ አለ፤ ያደርነው እዚያ ነው። ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ ሩዝ፣ የባሕር ቅጠል፣ እንደ ዳጣ የሚያቃጥል ቀይ ጎመን መጣ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። «ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» ብዬ ደንግጬ በሐሳቤ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። አስጎብኚያችን፣ እንግሊዝኛ የሚናገር የአገሩ ልጅ፣ መነኮሳቱ ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ እንደሚበሉ ነገረን። ለንደን ውስጥ የጾም ምግብ ስፈልግ የምደክመውን አስቤ እስክጠግብ በላሁ።

ከዚያ ወጣን። መንገዱ በጥድ መካከል የሚያልፍ የድንጋይ ደረጃ ነው። ጓደኞቼ ሲያለከልኩ ጦሳን የለመደው እግሬ ቀደማቸው። ጭጋጉ ያው የደሴው ጭጋግ ነበር፤ ፊት ላይ የሚያርፈው፣ ልብስ የሚያረጥበው። ለንደን ከገባሁ ጀምሮ ሰውነቴ አንድን ቦታ እንዲህ ሲያውቀው የመጀመሪያው ነው።

የገዳሙ ግቢ በር ላይ ስደርስ ውስጥ ደወል ተመታ። እንዴት እንደሆነ አሁንም አላውቅም፤ አማተብኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ከንፈሬ የበሩን እንጨት ነካ። ከልጅነቴ ጀምሮ ደወል የሰማሁበትን ደጅ ሁሉ ስሳለም ነው ያደግሁት፤ አንገቴ እኔን አልጠየቀኝም። የእንጨቱ ቅዝቃዜ ከንፈሬ ላይ ሲሰማኝ ነው የት እንዳለሁ የገባኝ። የማታውቂው ቤተ ጸሎት ደጅ እንዳትቆሚ ያለችኝ እናቴ ናት፤ እኔ መቆም ብቻ አይደለም፣ ሳምኩት።

ከኋላዬ ካሜራ ጮኸ። አብራኝ የምትማረው ሶፊ ናት። «ቢዩቲፉል!» አለችኝ።

ሁሉም ገቡ። እኔ አልገባሁም። አንደኛ እማዬ አለች፤ ሁለተኛ ደግሞ በልቻለሁ። እኛ ዘንድ በልቶ ወደ መቅደስ አይገባም፤ ውጭ ይቆማል። የሰው መቅደስ ቢሆንም ጠግቤ ልገባበት እግሬ እንቢ አለ። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ፓጎዳው ግቢው መሐል ነው፤ ግራጫ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ ደርብ ከታችኛው ያነሰ፣ ጠርዙ ላይ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት። ሰዎች እጃቸውን አጋጥመው በዝግታ ይዞሩታል፤ እኛ ታቦት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን እንደምንዞረው። ካሜራዬን አወጣሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ወደ እኔ መጡ። ጸጉራቸው የተላጨ፣ ልብሳቸው ግራጫ ነው። በልቤ «እማሆይ» አልኳቸው። አስጎብኚውን ጠርተው አናገሩት።

«ለምን አትገቢም ይላሉ» አለኝ።

«በልቻለሁ በላቸው።»

ነገራቸው። ፊታቸው በራ።

«መብላትሽ ደስ ብሏቸዋል። ጠገብሽ ወይ ይላሉ።»

«ጠግቤያለሁ። ለዚህ ነው የማልገባው።»

አስጎብኚው አየኝ። «ይቅርታ፣ ይሄ እኔም አልገባኝም።»

እንደምንም ብዬ አስረዳሁት፤ እሱም እንደምንም ነገራቸው። መነኩሲቷ አልሳቁብኝም። ትንሽ አሰቡና አንድ ነገር ተናገሩ።

«እኔም ቁርሴን በልቻለሁ ይላሉ» አለኝ።

ከዚያ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ያለውን ድንጋይም በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያነሳኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ከዚያች ደረጃ የተነሱ ናቸው፤ ጥግ ላይ የእሳቸው ጉልበት የሚታይባቸውም አሉ። ስነሳ ፊታቸውን ላነሳ በእጄ ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱልኝ።

ለንደን ስመለስ ሶፊ እንጨቱን ስስም ያነሳችውን ላከችልኝ። ለእትዬ አስካለ አሳየኋቸው።

«በሩን ሳምሽው?» ብለው ጮኹ። «ኧረ እኔ የራሳችንን በር መሳም ከተውኩ ስንት ዘመኔ! ይሄን እናትሽ እንዳታየው። ዲሊት አድርጊው።»

ዲሊት ማድረግ አልቻልኩም። ለእማዬ ግን ሌሎቹን ብቻ ላክሁላት። በነጋታው ደወለች።

«አየኋቸው» አለች። «የጸሎት ቦታ ነው አይደል?»

«ነው እማዬ።»

«ገባሽ?»

«አልገባሁም። ደጅ ነው የቆምኩት።»

ደሴ እየዘነበ ነበር፤ ቆርቆሮው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ይቺ መነኩሲት ፊቷ ደግ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንቺ የት አለሽ? ሁሉንም አገላብጬ ፈለግሁሽ፣ አጣሁሽ። ሰው ያን ያህል አገር ሄዶ አንድ ፎቶ አይነሳም?»

ያለኝ አንድ ብቻ ነው። አውራ ጣቴ ስልኩ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ላክሁት። እንዳየችው የሚያሳየው ምልክት ሰማያዊ ሆነ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«እማዬ?»

«እያየሁሽ ነው።»

«እማዬ፣ በሩን እኮ ሳላስበው…»

«ከስተሻል» አለች።

በሩን አይታ ልለፈው ብላ እንደሆነ፣ ወይስ ጨርሶ ሳታየው ቀርታ እንደሆነ፣ ከድምፅዋ መለየት አቃተኝ።

«ጸጉርሽን ማን ነው የሠራሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ከኋላ ጠሟል፤ መሐሉን ስተሽዋል። እዚያ ከኋላ የሚያይልሽ ሰው የለም?»

እጄን ወደ ማጅራቴ ሰደድኩ።

«የለም» አልኳት።