ባዶዎቹ ቀናት

ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል የዝናብ መለኪያውን በሽርጣቸው ጫፍ ወልውለው ያነባሉ። ከዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ወጥተው ሄሉ መንደር ከሰፈሩ ጀምሮ አንድም ቀን አላጓደሉም። እርሳሳቸው ከጆሯቸው አይለይም።

የአየር ንብረት ለውጥን የምታጠናው ፈቲያ ግን በዝናብ መመዝገቢያ ደብተራቸው ያገኘቻቸውን ባዶ ቀናት «ሳይለኩ ቀርተው ነው» ብላ በጥናቷ ውስጥ በአማካይ ዝናብ ሞልታቸዋለች። ዛሬ መለኪያውን አይተው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ጎኑን ባዶ ትተው ደብተሩን ሲዘጉ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ለክተው የለ እንዴ? ምነው ሳይጽፉ?»

«ምኑን ልጻፍ ልጄ? አልዘነበ።»

ፈቲያ ክው አለች። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠችው።

«እሱ ላሞቼ ያለቁበት ዓመት ነው» አሏት።

ገጹ ላይ ቀን ብቻ ተሰልፏል። በእሷ ጥናት ግን ያን ዓመት ሲዘንብ ከርሟል።