የባለሳጥኑ ግድግዳ

እሱማ ዛሬም ያንኑ ግድግዳ ሲቀባ ዋለ። የጓሮው ተከራይ ነዋ፣ ባለሳጥኑ የምንለው። ኮምፒውተር ላይ ሳጥን እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበት ጌም አለው። ሳጥኖቹ ጡብ ወይ እንጨት እንዲመስሉ ደግሞ እያንዳንዷን ነጥብ ራሱ ነው የሚቀባት። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተበልቷል፣ ሻዩ አጠገቡ በርዷል፤ እሱ አንዷን ነጥብ ጠቆር ያደርግና አንገቱን ዘመም አድርጎ ያያታል።

የሚሠራው የድሮ ቤታቸውን ነው፣ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛበት ሳትሄድ የኖሩበትን። ልጅቷ ካለችበት ሆና እዚያው ጌም ውስጥ ትገባለት ነበር። ከቀረች ይኸው ሁለት ዓመት።

"አንተ ልጅ፣ አሁን እኮ ከንፈሯን የምትቀባ ኮረዳ ሆናለች። ሳጥን ምን ያደርግላታል?" አልኩት።

"ድንገት ከገባች፣ እማማ፣ ቤታችን ካልመሰላት ተመልሳ ትወጣለች" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እንደማትገባ እሱም ያውቃል። የበረደውን ሻዩን አንስቼ ትኩስ ቀዳሁለት።

ባለፈው ደጅ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ጎረቤታችን ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ግድግዳ አዙሮ እንደቆመ ሴትዮዋ ደረሰችበት። ጌሙ ላይ ሊቀባው፣ ዝናብ የመታው ልስን ቀለሙ ምን እንደሚመስል ለማየት በምራቁ እያራሰ ነበር፤ በመስኮት አይቼዋለሁ። እሷ ግን "አንተ ባለጌ፣ ሽንት ቤት የለህም?" ብላ ጮኸችበት፣ ሰፈሩ ወጣ። ለልጄ ብዬ ነው ቢል ማን ይቆጣው ነበር? እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ "ይቅርታ፣ አጣድፎኝ ነው" አላት።