የዓይኑ ነጭ

በየስድስት ወሩ ለጉበት ምርመራ ከሰበታ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ሰው አለ። ኮቱ የተተኮሰ ነው፤ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ዳዊቱ ውስጥ አጥፎ ይይዛል። ሚኒባሱ ጋቢና ይቀመጥና የሹፌሩን የሀሰኖን መስታወት ወደ ራሱ አዙሮ ዓይኑን ያያል።

«ቢጫ ሆነብኝ እንዴ?»

«ወተት ነው ጋሼ። አሁን መስታወቴን ይመልሱልኝ፣ መንገድ ልይበት።»

«ሄፓታይተስ ቢ እኮ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው። ዓይን ነጭ ሆኖም ጉበት ይጎዳል።»

ዛሬ ከሰዓት ሲመለስ ግን ፊቱ በርቷል። «ቫይረሱ ቀንሷል፤ ጉበቴም ደህና ነው፤ ተመስገን።»

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አለ ሀሰኖ።

ሰውየው መስታወቱን ወደ ሹፌሩ ፊት አዘነበለው። «አንተስ ልጄ፣ ተመርምረህ ታውቃለህ?»

ሀሰኖ የራሱን ዓይን አየ። ነጭ ነው። ነጭነቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አላስተማመነውም።